ጨዋታው ሳይቋረጥ ዳገቱን መጨረስ

ድሬዳዋን የወለዳት ዳገት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ግን ለሐዲድ ሥራ እጅግ ከባድና ውድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ በቆመበትም ስፍራ ከተማዋ ተቆረቆረች። ዛሬ በበልግ ወራት ተሰባስበው ከከተማዋ በስተደቡብ ያሉትን ተራሮች በእግር የሚወጡ ሰዎች የሚገጥማቸው ያው ዳገት ነው። እየተጫወቱ፣ እያረፉ፣ ቀስ እያሉ የሚወጡትን ብዙ ሰው ለሽርሽር እንደወጡ እንጂ ስፖርት እንደሚሠሩ አይቆጥራቸውም። የሰውነታችን አሠራር ሲመረመር ግን ለድሬዳዋ ሙቀት የሚስማማው አወጣጥ ይኸው ዝግተኛው ነው፤ ልኩን የሚነግረንም የባልንጀሮች ጨዋታ ነው።

ነገሩን በአንድ ኮረብታ ላይ እናስላው። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከደጫቱ ወንዝ 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ፖርክ ኤፒክ የተባለው ዋሻ ይገኛል። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ይጠቀሙበት የነበረ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች ኦከር የሚባለውን ቀይ የማቅለሚያ ድንጋይ 40 ኪሎ ግራም ያህል አግኝተውበታል። ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነ ሰው ይህን 140 ሜትር ሲወጣ ሰውነቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 96 ኪሎጁል ያህል ጉልበት ያስፈልገዋል። ጡንቻ ግን ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ቢበዛ ሩቡን ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ዋሻው ደጃፍ እስኪደርስ ድረስ ዳገቱ ብቻውን 290 ኪሎጁል የሚጠጋ ሙቀት በሰውነቱ ውስጥ ይፈጥራል። በ10 ደቂቃ ተጣድፎ ከወጣ ይህ ሙቀት 60 ዋት የሆኑ ስምንት አምፖሎች አንድ ላይ እንደሚስቡት ኃይል ነው። በግማሽ ሰዓት ከወጣው ግን ሦስት አምፖል እንኳ አይሞላም። የዳገቱ ሥራ በሁለቱም አወጣጥ እኩል ነው፤ ልዩነቱ ሙቀቱ በሚከማችበት ፍጥነት ላይ ነው።

በደጋ አገር ቢሆን ይህ ልዩነት ብዙም ባላስጨነቀ። ድሬዳዋ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላማ ከተማ ናት። ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 በሚዘልቀው ጸደይ፣ በተለይ በግንቦትና በሰኔ፣ የቀትር ሙቀቷ ወደ 35 ዲግሪ ይጠጋል። የሰው ቆዳ ሙቀትም በሥራ ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። አየሩና ቆዳው ሲተካከሉ ሰውነት ሙቀቱን ለአየሩ ማስረከብ አይችልም፤ የሚቀረው መውጫ ላብ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2,400 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ይሁንና በደረቅ አየር ላቡ ሳይታይ ስለሚተን፣ ልብሱ ያልረጠበ ሰው ብዙ ውኃ እንዳጣ ሳያውቀው ሊደክም ይችላል።

የጨዋታው ጥቅም እዚህ ላይ ይገለጣል። ለመናገር ትንፋሽን ቆጥቦ ማውጣት ያስፈልጋል። ጡንቻዎች ከልክ በላይ ሲሠሩ በደም ውስጥ የሚበዛውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስወጣት ሳንባ ይጣደፋል፤ ለንግግር የሚተርፍ ትንፋሽም ይጠፋል። ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆርጥ መጨረስ ከቻለ እንቅስቃሴው መካከለኛ ነው፤ በየሁለት ቃሉ መተንፈስ ካሻው ልኩን አልፏል። የስፖርት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ይህ መለኪያ መሣሪያም ገንዘብም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሚያወሩት ሰው ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ሙቀት የመታው ሰው ማስተዋሉ ስለሚደክም ራሱን ላያውቅ ይችላል። አነጋገሩ መወላገዱን፣ እርምጃው መንገዳገዱን ቀድሞ የሚያየው አጠገቡ ያለው ነው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል።

«ታዲያ እንዲህ ቀስ ካሉት ምኑ ስፖርት ሆነ?» የሚል ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ እየተጫወቱ ዳገት መውጣት ከዚያው ይቆጠራል። «ከፍ ባሉ ቁጥር ይቀዘቅዛል» የሚለውም እውነት ቢሆን፣ አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ በ140 ሜትር የሚገኘው አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ቡድን ራሱ ያጣድፋል፤ ጠንካራው ይቀድማል፣ ደካማው እንዳይታማ ሲከተል ይጎዳል። ይህ በእርግጥ ይደርሳል። መፍትሔው ግን ቡድኑን መተው አይደለም፤ እርምጃው የሚዘገየውን ሰው ከፊት አስቀድሞ ፍጥነቱን እሱ እንዲወስን ማድረግ ነው።

ዝግታ ግን የትም ቦታ መዘግየት ማለት አይደለም። ደጫቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከተማዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ በድንገት ሊሞላው ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የበልግ ደመና ከተራራው ላይ ከታየ አሸዋው ላይ አይታረፍም፣ በወንዙም ውስጥ አይኬድም። በተረፈ ማልዶ ጎህ ሲቀድ መነሳት፣ ውኃን ሳይጠሙ መጎንጨት፣ ጨዋታውም ሲቆራረጥ ጥላ ፈልጎ መቀመጥ ነው፤ ሁሉም እንደገና ማውራት ሲጀምር ዳገቱ ይቀጥላል።