ሚዛኑንስ ማን መዘነው?

በገበያ ቀን ሚዛን የሚያጐድል ነጋዴ ቢኖር ገዢው የሚጐዳው በጥቂት ብር ነው። የሰውን ደም የሚመዝን መሣሪያ ቢሳሳት ግን ጉዳቱ በሕይወት ይቆጠራል።

ይህ መሣሪያ በጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክሲጅን መለኪያ ነው። መርፌ የለውም። ቀይ ብርሃንና ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ በጣት ውስጥ ያሳልፋል፤ ኦክሲጅን የተሸከመው ደምና ያልተሸከመው ሁለቱን ብርሃኖች እኩል ስለማይውጡ፣ ከመቶው ስንቱ እጅ ኦክሲጅን እንደ ያዘ ይገመታል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1974 ያስታወቀው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩዎ አዮያጊ ነው።

ብርሃኑ ግን ብቻውን ቁጥር አይናገርም። አስቀድሞ ጤነኛ ፈቃደኞች ኦክሲጅኑ የተቀነሰ አየር ይተነፍሳሉ፤ በየደረጃው ከደም ቅዳቸው ደም ተወስዶ በላቦራቶሪ ይለካል፤ መሣሪያውም በዚያ ይስተካከላል። እንግዲህ ፈቃደኞቹ እነማን ነበሩ? የቆዳም ቀለም ብርሃን ይውጣልና ጥያቄው ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ባነበበበት ጊዜ እውነተኛው ልክ ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁሮች ከመቶ 11.7፣ በነጮች ከመቶ 3.6 መሆኑን ገለጠ። በ2025 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈተናው ልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ባላቸው ብዙ ሰዎች ላይ እንዲደረግ ረቂቅ መመሪያ አወጣ።

ለላስታ ነገሩ ድርብ ነው። ላሊበላ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4000 ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለታመመ ሕፃን ከ90 በታች ኦክሲጅን ይሰጥ ሲል፣ ከ2500 ሜትር በላይ ግን 87 ወሰን ሊሆን ይችላል ይላል። ስለዚህ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን 88 ቢነበብለት፣ ከተማው ውስጥ ኦክሲጅን ይገባዋል፤ ሽቅብ ባለው መንደር ላይገባው ይችላል። መሣሪያው 2 ቁጥር ብቻ ከፍ አድርጎ ከሆነ ግን በሁለቱም ስፍራ ይገባዋል።

«የደጋ አየር ነው» ብሎ ማለፍም አይበጅም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የሲንቲያ ቢል ጥናት በስሜን ተራሮች፣ በ3530 ሜትር ላይ፣ በ236 ነዋሪዎች አማካዩን 95.3 አግኝቶታል። ስሜን ላስታ አይደለም፤ ሆኖም ደገኛን ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ መገመት እንደማይቻል ያስተምራል።

ስለዚህ ወጣቱ የጤና ባለሙያ የቀዘቀዘውን ጣት ያሙቅ፣ የጥፍር ቀለም ያስለቅቅ፣ ከቁጥሩም በፊት የሕፃኑን ደረትና አተነፋፈስ ይመልከት። መሣሪያ የሚገዛው ባለሥልጣን ደግሞ ዋጋውን ከመጠየቁ አስቀድሞ «በማን ቆዳ ተፈተነ?» ብሎ ይጠይቅ።