ቀረጥ ብቻውን የሰበታን ሠራተኛ አያድንም

«ከውጭ በሚገባ ልብስ ላይ ቀረጥ ይጨመር፣ ሥራችን ይጠበቅ» የሚሉ ወገኖቼ ጭንቀታቸው ይገባኛል። በጉምሩክ ሥራ ላይ እንዳለ ባለሙያ ግን አንድ ነገር ላስረዳ።

ያለቀለት ልብስ አሁንም የሚቀረጠው በታሪፋችን ጣሪያ፣ በ35 በመቶ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስና ሱር ታክስም ይደረብበታል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው ግን በሕጋዊ መንገድ በሚገባው ላይ ብቻ ነው። በኮንትሮባንድ የሚገባው ልባሽ ጨርቅ ሳንቲም አይከፍልም፤ ቀረጡ በጨመረ ቁጥር የኮንትሮባንዲስቱ ትርፍ ይሰፋል።

ሰበታን እንመልከት። በ2002 ዓ.ም. ዓለም ገና ላይ የተመረቀው የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ አይካ አዲስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ቀጥሮ ምርቱን ወደ ጀርመን ይልክ ነበር። ያነቀው ግን ዕዳ ነው፤ አበዳሪው ልማት ባንክም ፋብሪካውን ተረከበ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ ከአጎዋ ስታስወጣን የተመቱትም ላኪዎቹ ናቸው። ገበያው ውጭ ለሆነ ፋብሪካ የገቢ ዕቃ ቀረጥ አይደርስለትም።

ስለዚህ ፖለቲከኞች በቀረጥ ሲያስጨበጭቧችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ኬላው እንዴት ይጠበቃል? ለፋብሪካዎቹ ጥጡ ከየት ይመጣል? ፋብሪካ ሲዘጋ የሠራተኛውን ደመወዝ ማን ይከፍላል?