ቆሞ የከረመ መኪና ያረፈ አይምሰላችሁ

በኦክላንድና በሳን ሆዜ የምንኖር ብዙዎቻችን መኪናችንን ለወራት የምናቆምበት አንድ የጋራ ምክንያት አለን፤ እሱም የሀገር ቤት ጉዞ ነው። አንዱ ለገናና ለጥምቀት ይሄዳል። ሌላው ወላጅ ሊያስታምም ሄዶ፣ ቀብሮና አርባ አውጥቶ ይመለሳል። መኪናው ግን ከኅዳር እስከ መጋቢት የካሊፎርኒያን ዝናብ ደጅ ላይ ሲጠጣ ከርሟል። ከዚያ ፋሲካ ይደርሳል። የሎስ አንጀለስ ዘመዶች «በዓሉን አብረን እንዋል» ብለው ይደውላሉ። ቁልፍ ይፈለጋል፤ ጉዞ ይጀመራል።

ይህ ጸሐፊም እንዲሁ አድርጎ ተቀጥቷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴን ቀብሬ ከአምስት ወር በኋላ ኦክላንድ ስመለስ ባትሪው ሞቶ ጠበቀኝ። ጎረቤቴ በኬብል አስነሣልኝ። ሞተሩ ሲጮህ «ይኸው ጤነኛ ነው» አልኩ። በቅዳሜ ስዑር ረፋድ የእናቴን ታናሽ እህት ከኋላ አስቀምጬ፣ የዶሮ ወጡን ድስት ከእግራቸው ሥር አድርገን ተነሣን። በ580 አልታሞንትን ተሻግረን አምስት ቁጥር አውራ ጎዳና ገባን። ሜዳው ላይ መኪናው እንደ ፈረስ ጋለበ። የግሬፕቫይንን ዳገት ስንጀምር ግን የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ወጣ፤ ወዲያውም ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ተነሣ። የራዲያተሩ ቱቦ ተሰንጥቆ ነበር።

ከባድ መኪናዎች አጠገባችን እያፏጩ ሲያልፉ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አክስቴ ከመንገዱ አጥር ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጎታች መኪና ሦስት ሰዓት ጠበቁ። ቅዳሴው አመለጠን። የተናገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ በቅሎም እኮ ከመንገድ በፊት ኮቴዋ ይታያል።»

እውነታቸውን ነው። ቆሞ የከረመ መኪና አያርፍም፤ ያረጃል። ጎማውና ቱቦው ይደርቃል፣ የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ይስባል፣ ቤንዚኑ ይበላሻል፣ አይጥ የኤሌክትሪክ ገመዱን ይበላል። ሰፈር ውስጥ ይህ ሁሉ አይታወቅም። የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው። ከኦክላንድ ሎስ አንጀለስ 370 ማይል ያህል ሲሆን፣ መንገዱ ለሰዓታት ሜዳ ሆኖ ይቆይና በመጨረሻ በቴሆን ማለፊያ 4,144 ጫማ (1,263 ሜትር) ከፍታ ላይ ይወጣል። ከሳን ሆዜ በፓቼኮ በኩል ወደ አምስት ቁጥር የሚገባውም ይኸው ዳገት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ምርመራው ከጉዞው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይጀመር፤ በሰሙነ ሕማማት የሚጀመር ሥራ አይደለም።

መጀመሪያ ሞተሩን ሳያስነሡ ኮፈኑን ይክፈቱ። የአይጥ ጎጆ ወይም የተበላ ገመድ አለ? ቱቦዎቹን በእጅ ይጫኑ፤ የላሸቀ ወይም የተሰነጣጠቀ ቱቦ ይለወጥ። ቺንጊያውንም እንዲሁ ይዩ። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ቀዝቃዛ ካልሆነ በፍጹም አይንኩ። የሞተር ዘይቱንና ፊልትሮውን ይለውጡ፤ አሮጌው ቤንዚን ላይም አዲስ ይጨምሩ።

ባትሪ በኬብል ተነሣ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። በቻርጀር ቀስ ብሎ ይሞላ፤ አድሮ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው። ወደ 12 ከወረደ ግን ባዶ እንደሆነ ይቁጠሩት።

በጎማው ጎን ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች ዕድሜውን ይናገራሉ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ቢያምርም ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ለሩቅ መንገድ አይታመንም። ነፋሱን በሾፌሩ በር መቃን በተለጠፈው ልክ፣ ጎማው ሳይሞቅ ይሙሉ። ስኮርታውን አይርሱ። ፍሬኑ መጀመሪያ ላይ በዝገት ቢንጫጫ አይደንግጡ፤ ጥቂት ከያዙት በኋላ ጩኸቱ ካልጠፋ ወይም ፔዳሉ ከላላ ግን ጋራዥ ሳይወስዱ አይሂዱ።

ወረቀቱም የራሱ ጣጣ አለው። «አይነዳም» ብለው ለዲ.ኤም.ቪ. ያስመዘገቡት መኪና ምዝገባው ሳይታደስ ሊነዳ ቀርቶ በሕዝብ መንገድ ዳር ሊቆምም አይችልም፤ ለጢስ ምርመራ የሚወስዱት ከሆነ የአንድ ቀን ፈቃድ ይጠይቁ። ባትሪው ሞቶ ከነበረ የመኪናው ኮምፒዩተር ትውስታውን አጥቷልና፣ ጥቂት ቀን ሳይነዳ ለጢስ ምርመራ ቢቀርብ ሊወድቅ ይችላል። ኢንሹራንስ አቋርጠው የሄዱም ከመንዳትዎ በፊት ይመልሱት። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ዝቅተኛው ሽፋን በአንድ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ከ15,000 ወደ 30,000 ዶላር፣ በንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት ደግሞ ከ5,000 ወደ 15,000 ዶላር ከፍ ብሏል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ቅዳሜ ለሙከራ ይስጡ። የኦክላንድ ሰው በአልታሞንት እስከ ትሬሲ ደርሶ ይመለስ፤ መቶ ማይል ገደማ ነው። የሳን ሆዜ ሰው ፓቼኮን ወጥቶ ይመለስ። የሚበላሽ ነገር ካለ ለቤትዎ ቅርብ ሆኖ፣ ሽማግሌና ሕፃን ሳይሳፈር ይበላሽ።

በዓመቱ እንደገና ለፋሲካ ስንነሣ አክስቴ ድስታቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። «መጀመሪያ ክፈተው» አሉኝ ኮፈኑን እያሳዩ። ከፈትኩት። ጎንበስ ብለው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ገብተው ተቀመጡ። በዚያ ሌሊት ከቅዳሴው ደረስን።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።