የጅብ ሽንኩርት ድስት ውስጥ አይገባም

«የዱር ሽንኩርት ነው፤ ቢበላም ምንም አይል» የሚል ሰው አይጠፋም። ስህተት ነው፤ ሰው የሚጎዳ ስህተት።

የጅብ ሽንኩርት ውሃ የሚተኛበት ሣር ሜዳና ጥቁር መረሬ ይስማማዋል። እንዲህ ካለ አፈር ልብስ በልብስ የተደራረበ ራስ ተቆፍሮ ቢወጣ በዓይን ብቻ ከሽንኩርት መለየት ያስቸግራል። አፍንጫ ይሻላል። እውነተኛ ሽንኩርት፣ በሰሜን አሜሪካ ሣር ሜዳ የሚበቅለው የዱር ዝርያ ጭምር፣ ሲቀጠቀጥ ውስጡ ያሉት የድኝ ውህዶች ያንን የምናውቀውን ሽታ ያወጣሉ። የጅብ ሽንኩርት ይህ ሽታ የለውም። ታዲያ ሽንኩርት ሲከትፍ በቆየ እጅ አይሞከር፤ የእጁ ሽታ ያሳስታል።

«ከተቀቀለ መርዙ ይወጣል» የሚለውም እውነት አይደለም። ነጭ አበባ የሚያወጣው የጅብ ሽንኩርት፣ በሳይንስ ስሙ ክሪነም አቢሲኒከም፣ ላይኮሪን የተባለ አስመላሽ መርዝ አለው። ይኸው መርዝ በአውሮፓው ዳፎዲል አበባ ሥር ውስጥም ይገኛል። እንደ ጎርጎርሮሳውያኑ በ2009 እንግሊዝ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ሾርባ ሲሠሩ የዳፎዲል ሥር ከሽንኩርት ጋር ተቀላቅሎባቸው ታመሙ። ሾርባው በእሳት መብሰሉ አላዳናቸውም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን «መድኃኒት ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ነው። በአገራችን የጅብ ሽንኩርት የሚባለው ተክል ከአንድ በላይ ነው። ድሪሚያ አልቲሲማ የተባለው ሌላው ተክል የልብን ምት የሚያዛቡ ንጥረ ነገሮች አሉት። ስሙን ብቻ ሰምቶ የቆፈረ ሰው የትኛውን እንደያዘ በምን ያውቃል? እርግጥ ከክሪነም ዘመዶች የመርሳት በሽታን ምልክቶች የሚያስታግስ ጋላንታሚን የተባለ መድኃኒት ተገኝቷል። እሱ ግን ተጣርቶ በሚሊግራም ተለክቶ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ነው፤ ሜዳ ላይ የተነቀለ ሥር ልክ የለውም።

ልጅም ሆነ አዋቂ በስህተት ከበላ «ያልፍለታል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ በግድ ለማስመለስም አትሞክሩ። የተረፈውን ሥርና ቅጠል ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወዲያው ሂዱ።