ሐኪም «አይሆንም» ሲል

ከጭልሞ ደን ግርጌ ከጊንጪ አንሥቶ እስከ አምቦና እስከ ጌዶ ድረስ ባሉት ከተሞች ደዌ ያገኘው ሰው ከጤና ጣቢያ ደጅ ሲደርስ፣ የሚሻውን ፈውስ አብዛኛውን ጊዜ በልቡ ቆርጦ ይመጣልና፣ መርፌ ተመኝቶ ኪኒን የተሰጠው፣ ወይም «ሪፈር ይጻፍልኝ» ብሎ «አያስፈልግዎትም» የተባለ እንደ ሆነ፣ ተናቅሁ እያለ አጉረምርሞ ይመለሳል።

በሌሎች አገሮች ይህን ወቀሳ የሚሸከመው የቤተሰብ ሐኪም የሚባለው ነው፤ በእኛ አገር ግን የቤተሰብ ሕክምና ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ገና በ2005 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ሕሙማንን መርምሮ የሚገባውን የመስጠትና የማይገባውን የመከልከል ሸክም በአብዛኛው የወደቀው በጤና መኮንኖችና በነርሶች ላይ ነው። በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ እስከ 25 ሺሕ ሕዝብ እንዲያገለግል መታቀዱን ያሰበ ሰው፣ ለማስረዳት የሚተርፈው ጊዜ ምን ያህል እንደሚያንስ አይስተውም።

ክልከላው ብዙ ጊዜ በቂ ምክንያት አለው። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነውና ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት አይፈውሰውም፤ ያለ አግባብ ሲወሰድም መድኃኒቱን የለመዱ ተሐዋስያን እንዲበዙ ያደርጋል። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የሪፈር ነገር ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ አባሉ ሕክምናውን ከጤና ጣቢያ እንዲጀምር ያዝዛል፤ ያለ ሪፈር ወደ ሆስፒታል የሄደ ሰው ወጪውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላልና፣ መዋጮውን በየዓመቱ ያስገባ ገበሬ ያችን ወረቀት ሲነፈግ ገንዘቡን ጭምር የተቀማ ይመስለዋል። እንዲህ ቢያስብ አልፈርድበትም።

ሕጉ ደግሞ ወሰን አበጅቷል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 537፣ ብርቱ ችግር ባለበት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት አገልግሎቱን የነፈገ የሕክምና ባለሙያ እንዲቀጣ ይደነግጋል፤ ነገር ግን ምጥ የያዛትን ሴት ከደጅ መመለስና ለጉንፋን የተለመነውን መርፌ አለመውጋት በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

እንደ እኔ አስተያየት፣ ከክልከላው ይልቅ የሚያስቆጣው ያለ ቃል መሰናበት ነው። ሕመማቸውን በኦሮምኛ የዘረዘሩ አዛውንት ምክንያቱን በሚገባቸው ቋንቋ ሳይሰሙ የተመለሱ እንደ ሆነ፣ የባለሙያው ፍርድ የቀና ቢሆን እንኳ በእርሳቸው ዘንድ ግፍ ሆኖ ይቀራል። ቅሬታ ያለው ሰው በመጀመሪያ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ከዚያም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሊያመለክት ይችላል፤ የጠየቀውን፣ የተመለሰለትንና ቀኑን ለይቶ የጻፈ እንደ ሆነ፣ ጉዳዩን የሚያየው ሹም ካርዱን አስወጥቶ የክልከላው ምክንያት በዚያው ዕለት ተጽፎ እንደ ሆነ ለመመርመር ይቀልለዋል።