የኤቫንገር ገጠር ራሱን ያስተዳድርበት የነበረው ዘመን

ኖርዌይ በአውሮፓ ሰሜን ያለች፣ ተራራዋ ብዙ፣ የሚታረስ መሬቷ ግን ጥቂት የሆነ አገር ናት። በምዕራብ በኩል በርገን ከሚባለው የወደብ ከተማ ተነሥቶ ወደ ቮስ የሚሄድ መንገደኛ፣ ቮስ ሳይደርስ በሐይቅ ዳር ያለችውን የኤቫንገርን መንደር ያገኛል። ይህች መንደር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1885 እስከ 1963 ዓ.ም. የአንድ ኮሙን መቀመጫ ነበረች። ኮሙን ማለት ሕዝቡ በመረጣቸው ሰዎች ራሱን የሚያስተዳድር ወረዳ ነው።

የዚህ አስተዳደር መሠረት በ1837 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ነው። ከዚያ አስቀድሞ የገጠሩን ጉዳይ የሚቈርጡት ይልቁንም የንጉሥ ሹማምንትና ቄሶች ነበሩ። ሕጉ ከወጣ በኋላ ግን የየአጥቢያው ሰዎች ምክር ቤት መረጡ፤ ከተመረጡትም አንዱ በሰብሳቢነት ተሾመ። የእርሱም ማዕረግ በቋንቋቸው ኦርድፎረር ይባላል፤ ትርጓሜው ቃል መሪ ማለት ነው፤ ለገበሬ አለቃ የሚስማማ መልካም ስም ነው። ምክር ቤቱ ለትምህርት ቤት፣ ለድኾች መርጃና ለመንገድ የሚሆነውን ግብር ይወስን ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያ የሚመርጡት መሬት ያላቸው ወይም በኪራይ የያዙ ወንዶችና ሹማምንት ነበሩ እንጂ፣ አሽከርና የቀን ሠራተኛ ድምፅ አልነበራቸውም። ለወንዶች በጠቅላላው የተፈቀደው ዘግይቶ፣ ለሴቶች ሁሉ ደግሞ በ1910 ዓ.ም. ነው።

ኤቫንገር አስቀድሞ በቮስ ሥር ነበረ። መሬቱ ስለማይበቃ ከዚያ አውራጃ ብዙ ሰው ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ1843 ዓ.ም. በኤቫንገር የተወለደው ክኑት ኔልሰን በ6 ዓመቱ ከእናቱ ጋራ ሄዶ፣ በኋላ የሚኒሶታ አገረ ገዥ ለመሆን በቃ።

ኤቫንገር በ1885 ራሱን ቻለ፤ ዳሩ ግን ተራራ ይከፍለው ነበር። ኤክሲንግዳል የሚባለው ሸለቆ ወንዙ ወደ ኤቫንገር ሐይቅ ሳይሆን በሌላ በኩል ወደ ባሕር ይወርዳል።

ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ዓ.ም. መንግሥት በኒኮላይ ሼይ የሚመራ ጉባኤ አቁሞ ትንንሾቹ ኮሙኖች እንዲጣመሩ አስመከረ፤ አቅማቸው ለትምህርትና ለሌላውም ሥራ አይበቃም ተብሎ ነበርና። በ1930 ዓ.ም. 747 የነበሩት ኮሙኖች በ1967 ዓ.ም. 454 ብቻ ቀሩ። ኤቫንገርም በ1964 መባቻ ፈረሰ፤ ኤክሲንግዳል ወደ አዲሱ የቫክስዳል ኮሙን፣ መንደሪቱና የቀረው አብዛኛው ሕዝብ ወደ ቮስ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኤቫንገር ትምህርት ቤት የሚመክረው የቮስ ምክር ቤት ሆነ።