ከወለሉ ሥር የሚመታ ልብ

ወንጀልን፣ ፍርሃትንና ምናብን በአንድ ብዕር የጻፈው ኤድጋር አለን ፖ

ኦክቶበር 3 ቀን 1849 (እ.ኤ.አ.) ባልቲሞር ከተማ የምርጫ ቀን ነበር። ድምፅ ይሰጥበት በነበረ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ አእምሮውን የሳተ ሰው ተገኘ። የለበሰው ልብስ ያደፈ፣ በልኩ ያልተሰፋ፣ የራሱ ያልሆነ ነው። ሆስፒታል አስገቡት፤ ሲቃዥ ሰንብቶ በአራተኛው ቀን አረፈ። የት እንደከረመ፣ ልብሱን ማን እንደቀየረበት፣ ምን እንዳገኘው ሳይናገር ሞተ። ዕድሜው 40 ነበር።

ሟቹ ኤድጋር አለን ፖ ነው። ዛሬ መጻሕፍት መደብሮች የወንጀል፣ የሆረርና የፋንታሲ ልብ ወለድ እያሉ በሦስት መደርደሪያ የሚለያዩትን እሱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይጽፈው ነበር። ሦስቱንም የወለደለት አንድ ጥያቄ ይመስለኛል፦ የተሸሸገ ነገር ተሸሽጎ ይቀራል?

ከውስጥ የተቆለፈ በር

የመጀመሪያውን መልስ በ1841 ፊላደልፊያ ውስጥ በሚታተም መጽሔት ላይ አወጣው። «የሩ ሞርግ ግድያዎች» ብዙዎች የዘመናዊው የመርማሪ ልብ ወለድ መነሻ የሚሉት አጭር ታሪክ ነው። ፓሪስ ውስጥ እናትና ልጅ በአሰቃቂ ሁኔታ ተገድለዋል፤ በሩ ግን ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው። ጩኸት ሰምተው ደረጃውን የወጡት ምስክሮች አንድ እንግዳ ድምፅ መስማታቸውን ሁሉም ይናገራሉ። ሆላንዳዊው ፈረንሳይኛ ነበር ይላል፤ እንግሊዛዊው ጀርመንኛ፣ ስፔናዊው እንግሊዝኛ፣ ጣሊያናዊው ደግሞ ሩሲያኛ። ሰማን የሚሉትን ቋንቋ ግን አንዳቸውም አያውቁትም።

ፖሊስ የተምታታ ምስክርነት ብሎ ያለፈውን ዱፓን የተባለው ገጸ ባሕርይ ቁልፉ ያደርገዋል። ዱፓን ቀን ቀን መስኮቱን ዘግቶ ሻማ የሚያበራ፣ ከተማውን ለማየት ሌሊት የሚወጣ ሰው ነው። ሁሉም «የሌላ አገር ቋንቋ ነው» ካሉ፣ ድምፁ የማን ሊሆን ይችላል? መልሱን ላላነበቡት ስል አልገልጸውም።

እኛ አገር ወንጀለኛ የሚፈለገው በሌላ መንገድ ነበር። በአውጫጭኝ፣ ወይም በአፈርሳታ፣ የቀበሌው ሰው ተጠርቶ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። እርሻ ይደር፣ ከብት ይጠማ፣ ጥፋተኛው ሳይወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። እውነቱን የሚያወጣው የመንደሩ ትውውቅ ነው፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን በየት በኩል እንዳመሸ የማያውቅ የለም። የፖ ፓሪስ ግን ጎረቤት ጎረቤቱን የማያውቅባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ቦታ አውጫጭኝ ቢጠሩም የሚወጣ ነገር የለም። ስለዚህ ፖ የመንደሩን ሥራ ለአንድ ብቸኛ ሰው ጭንቅላት ሰጠው። በ1887 በልብ ወለድ ብቅ ያለው መርማሪ ሼርሎክ ሆልምስ የዱፓን የመንፈስ ልጅ ነው፤ ገና በመጀመሪያው መጽሐፉ ግን ዱፓንን ያጣጥለዋል።

የሽማግሌው ዓይን

ሁለተኛው መልስ መርማሪ አያስፈልገውም። በ1843 በታተመው «አጋላጩ ልብ» ውስጥ ተራኪው ራሱ ገዳዩ ነው። ከሽማግሌው ጋር ጠብ የለውም፤ ገንዘቡንም አልተመኘም። ያልወደደው ዓይኑን ነው፦ ሞራ የለበሰ፣ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ የጥንብ አንሳ የሚመስል ዓይን።

ሰባት ሌሊት በሩን ቀስ ብሎ ገፋ አድርጎ የተሸፈነ ፋኖስ ያስገባል። ከፋኖሱ አንዲት ቀጭን ጨረር ብቻ ለቆ ዓይኑ ላይ ያሳርፋል። ዓይኑ ግን ተከድኗል፤ ስለዚህ አይገድለውም። በስምንተኛው ሌሊት ዓይኑ ተገልጦ ይጠብቀዋል።

አስከሬኑን ከወለሉ ጣውላ ሥር ይቀብራል። ፖሊሶች ሲመጡ በኩራት ተቀብሎ ያስገባቸዋል፤ ወንበሩንም የሚያኖረው ልክ ከሬሳው በላይ ነው። ጨዋታው ደርቶ ሳለ ድም፣ ድም የሚል ነገር ይሰማዋል። ድምፁ እየበረታ ይሄዳል። ፖሊሶቹ ፈገግ ብለው ያወራሉ፤ የሚሰማው እሱን ብቻ ነው። በመጨረሻ ማንም ሳይጠይቀው ጮሆ ራሱን ያጋልጣል።

የአቤልን ደም ታሪክ ሲሰማ ላደገ አንባቢ ይህ ነገር አዲስ አይደለም፤ በግፍ የፈሰሰ ደም ከምድር እንደሚጮህ እናውቃለን። የፖ ድፍረት ጩኸቱን ከመሬት አንስቶ በገዳዩ ጆሮ ውስጥ ማስገባቱ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የአውሮፓ አስፈሪ ታሪክ በአብዛኛው ያረጀ ግንብና መንፈስ ይፈልግ ነበር። እዚህ ግን ጭራቅም ጋኔንም የለም፤ እኔ ጤነኛ ነኝ እያለ የሚምል አንድ ሰው ብቻ።

ሰባቱ አዳራሾች

ሦስተኛው መልስ ከቤቱ መጣ። እናቱ የሞተችው ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነው። በጃንዋሪ 1842 ደግሞ ሚስቱ ቨርጂኒያ ፒያኖ እየተጫወተች ስትዘፍን ደም ከአፏ ፈሰሰ፤ የሳንባ ነቀርሳ ነበር። በዚያው ዓመት ሜይ ወር ላይ «የቀዩ ሞት ጭምብል» ታተመ። ወረርሽኝ አገሩን ሲጨርስ አንድ ልዑል ሺህ ወዳጆቹን ሰብስቦ የግንቡን በር በብረት ያስበይዳል። በየቀለማቸው በተዋቡ ሰባት አዳራሾች ውስጥ ድግስ ይደገሳል። በመጨረሻው ጥቁር አዳራሽ የቆመው ሰዓት በደወለ ቁጥር ዘፈኑ ይቋረጣል፤ ደወሉ ሲያበቃ ሁሉም ተሳስቆ ይቀጥላል። ያልተጋበዘው እንግዳ ግን ገብቷል።

ቨርጂኒያ አምስት ዓመት ታመመች። ዛሬ ብሮንክስ በሚባለው የኒውዮርክ ክፍል በነበረችው ትንሽ ቤታቸው የጎበኘቻቸው አንዲት ጸሐፊ በሳር ፍራሽ ላይ ተኝታ፣ የባሏን ካፖርት ደርባ፣ ድመት ደረቷ ላይ አስተኝታ ስትሞቅ እንዳየቻት ጽፋለች። በጃንዋሪ 1847 በ24 ዓመቷ ሞተች። ሞት በር ቢበየድበትም እንደሚገባ የጻፈው ሰው ቤት የሚበየድ በር እንኳ አልነበረውም።

ድንጋዩ ላይ ያለው ስህተት

የፖን ሞት የፈታ ዱፓን አልተገኘም። አንዳንዶች በዘመኑ የነበሩ የምርጫ ወሮበሎች አፍነው፣ አስክረው፣ ልብስ እየቀየሩ ደጋግመው ድምፅ ሳያሰጡት አልቀረም ይላሉ። ሌሎች የአንጎል ሕመም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ወይም መጠጥ ነው ይላሉ። በሞተ በሁለተኛው ቀን ተቀናቃኙ ሩፈስ ግሪስዎልድ በብዕር ስም ተሸሽጎ የሚያጥላላ የሙት መታሰቢያ አሳተመበት። ያም አልተሸሸገም፤ የጻፈው ማን እንደሆነ ታወቀ።

ባልቲሞር በሚገኘው የዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የባልቲሞር መምህራንና ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው ያሠሩት፣ በ1875 የተመረቀ ሐውልቱ ቆሟል። ጎብኚዎች ሳንቲም ያኖሩበታል። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው የልደት ቀን ጃንዋሪ 20 ነው፤ ፖ የተወለደው ግን ጃንዋሪ 19 ነው።

አጭር ታሪክ በአንድ ቁጭታ ተነብቦ ማለቅ አለበት የሚለው የፖ እምነት ነበር። «አጋላጩ ልብ»ን ከእራት በኋላ ቢጀምሩት ቡናው ሳይፈላ ይጨርሱታል። ሲጨርሱ መብራቱን ወዲያው አያጥፉ፤ ትንሽ ዝም ብለው ያዳምጡ። የሚሰሙት የራስዎን ልብ ነው።